ለሃምሳ አለቃው ደብዳቤ መጥቷል

ከዋናው ፖስታ ቤት ማዶ፣ ከዛፉ ሥር፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ ሁለት አጭር ወንበር፤
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አቤቱታ፣ ውል፤
የሰው ጣጣ እንኳ በገጽ ተቆጥሮ ይከፈላል።
ሃያ ሁለት ዓመት «ለክቡር» ብዬ ጀምሬ፣
«ከሰላምታ ጋር» ብዬ አስሬ፣
እንደዚያች ባዶ መስመር የቸገረኝ የለም።

ዝናብ ያባረረው ሰው መስሎኝ ነበር ሲመጣ፤
ክራንቹን ከጠረጴዛዬ አስደግፎ፣
ቀስ ብሎ ከደረት ኪሱ አወጣ፣
በፌስታል ላይ ፌስታል፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ታጥፎ፣
አንዲት ወረቀት።
ስሙ ይነበባል፣ አንጁሎ ሻንካ፣ ሃምሳ አለቃ፤
ሌላውን ላብ በልቶታል።
«ለመለመን አልመጣሁም» አለኝ።
«ሰው ሲያወራ ሰማሁ፣ መብት ነው ይባላል፤
መብት ከሆነ ልጠይቅ፣ ካልሆነም አልከፋም።»

ቅጹን ዘረጋሁ። ስም። የአባት ስም። የአያት።
ቆሞ ነው የሚመልሰው፣ እንደ ሰልፍ ሰዓት።
«የውትድርና መለያ ቁጥር?»
እንደ ዳዊት ደገመው፣ ሳይደናቀፍ፣ ሳያፍር።
«ወረዳ?» ዝም። «የቤት ቁጥር?»
በክራንቹ ጫፍ አሳየኝ፣ ሽቅብ፣ ወደ ሐውልቱ ሥር።
«ከግንቡ ጀርባ ነው የማድረው። ነፋስ አይመታም።»

የተቀረጸው ወታደር አጥር አለው፣
ዘበኛ አለው፣ ማታ መብራት አለው፤
አድራሻውን የማያውቅ ታክሲ የለም።
የተወለደው ግን፣ ጉልበቱን የሚቆረጥመው፣
ክረምት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው፣
መዝገብ ላይ ሲፈለግ የለም።

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ እንደ እንዝርት ነው፣ ባለበት ይዞራል፤
ለመታወቂያ ቤት ይጠየቃል፣
ለቤት መታወቂያ ይጠየቃል፤
ጡረታው፣ ሕክምናው፣ የሴፍቲኔቱ ምዝገባ፣
ሁሉም ከዚያች ባዶ መስመር ጀርባ ተሰልፎ ይጠብቃል።
«የለም» ያለው የለም። ማንም ክፉ አልተናገረውም።
«አሟልተህ ና» ነው ያሉት።
አሥራ አራት ዓመት።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። አነሳሁ።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የራሴን ቁጥር ጻፍኩ፤
ከዚያ ማዶ የተከራየኋትን፣
የጫማ ካርቶን የማታክል የፖስታ ሣጥን።
«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነህ» አልኩት።
ሣቀ። ሁለት ጥርስ ነው የቀረው።
«ጠባብ ናት» አለ። «ምሽጓም እንዲሁ ነበረች፤
አምስት ሆነን ገብተንባታል።»

ደግሞ ምስክር ተባለ፤ የሚያውቁት ሦስት ሰው።
ስታዲየም ዙሪያ ወጣሁ። ሎተሪ የምታዞረው
ትርንጎ፣ የጦሩ ሐኪም ቤት ነርስ የነበረች፣
«እግሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ» ብላ ፈረመች።
መኪና ጠባቂው ዱባለ ፈረመ። ከአምባሳደር ጓሮ
አንድ ዓይነ ስውር መጣ፣ ጣቱን ለቀለም ወድሮ፤
«መጀመሪያ ድምፁን አሰሙኝ» አለ። ሰማ። አለቀሰ። ፈረመ።
በዚያው፣ «ለእኔስ አንድ ትጽፋለህ?» ብሎ ከፊቴ ቆመ።

አሁን ሣጥኔ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ይኖራል፤
ኪራይ የለ፣ ግፊያ የለ።

ማክሰኞ ቁልፌን ባዞር ደብዳቤ።
ማኅተም ያለው። «አንጁሎ ሻንካ፣ ሐሙስ ጧት፣ ለአሻራ።»
ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ዳገቱን፣ ጠረጴዛዬን ሜዳ ላይ ትቼ።
ከግንቡ ጀርባ አዲስ ንጣፍ ድንጋይ፣ አበባ፣
ውሃ የጠገበ ሣር።
ካርቶኑ የለም። ዘበኛው «ሌሊት አነሷቸው» አለ፤
«ወዴት እንደሆነ እንጃ።»

እንግዲህ ይህን የምታነብ፣
በለገሃር፣ በፒያሳ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታልፍ፣
ቆሞ የሚመልስ ባለ ክራንች ካየህ፣
ሳንቲም ከመጣልህ በፊት ስሙን ጠይቀው፤
ቁጥሩንም ይጨምርልሃል።
ምጽዋት አይደለም በለው፣ የራሱ ነው፣ የተቀመጠለት።
ሦስቱም ምስክሮች ፈርመዋል በለው።
ሐሙስ ካለፈ ሌላ ሐሙስ አለ፣ እጽፍለታለሁ፤
ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
ሣጥኗ ጠባብ ናት፣
ቦታውን ግን ለሌላ አልሰጠሁበትም።