ጳጉሜ ሦስት፣ ወጨጫ ደሴት

ጋሽ ይርዳው ጡረታ የወጣ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነው፤
ሰበታ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሕር በሌለበት የሚኖረው።
ሃያ ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ
በክብ መስኮት አይቷል፣ ደሴት ተከትሎ ደሴት ሲያልፍ።
"ተራራ ያላቸው" ይላል፣ "አናታቸው ደመና የለበሰ፤
ደረስን ሲባል ምሳ ይደርሳል፤ ሳህኑ ታጥቦ ሳያልቅ መርከቡ ገሰገሰ።
አንዱንም አልረገጥኩት።" ይኼን ሲል ሁሌም ይስቃል፤
ሳቁ ግን ጉሮሮው ጋ ሲደርስ እንደ መልሕቅ ይጠልቃል።

ታዲያ ዘንድሮ፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ሲነጋ በሩፋኤል፣
የሕንፃችንን ሰው ሰብስቦ "ዛሬ ደሴት እንወርዳለን" አይል!
መርከቡ የቶሎሳ ቅጥቅጥ ነው፤ በሩ በገመድ የታሰረ፤
መልሕቁ ከጎማው ሥር የሚገባ ድንጋይ፣ ከድሮ ጀምሮ ያልተቀየረ።
ከየሰዉ መቶ ሃምሳ ብር ሰበሰበ፤ የእትዬ ዘነቡን ግን መለሰ፤
"ከመስኮቱ በኩል ተቀመጪ" አላት፣ ወንበሩን በክንዱ እያበሰ።
ከዚያ ፊሽካውን ነፋና "ስሙኝ!" አለ፤ "ሕጉ ይኼው፤
መርከብ አሥር ሰዓት ይነሣል፤ የቀረ የደሴቱ ሰው።"

በሱባ በኩል፣ ጭቃው ላይ እየተወዛወዝን ወጣን፤
ሁለት ሕፃናት አስታወኩ፤ "ማዕበል ነው" ብሎ አጽናናን።
ጥዱ ሥር ወረድን፤ ጥዱ ከዕድሜ ብዛት ሽበት ያወጣ፤
ጉሬዛ ካንዱ ቅርንጫፍ ወዳንዱ፣ ጥቁርና ነጭ ለብሶ ሲመጣ
"የወደብ ሹም ነው" አለ ጋሽ ይርዳው፣ "ወረቀታችሁን አውጡ!"
ትርሲት የፋብሪካ መታወቂያዋን ዘረጋች፤ ልጆቹ ባዶ መዳፍ ሰጡ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ ከተማው የለም።
ታች ያለው ነጭ ነው፤ እስከ የረር የተዘረጋ፣ ዳር የሌለው ዓለም።
አቃቂ ሰጥማለች፤ ሰበታም፣ የቢራው ፋብሪካ ጭስ ማውጫም፤
ፉሪ ጀርባዋን ብቻ አሳየች፣ እንጦጦ ቅንድቡን፤ ሌላ ምንም።
ዝቋላ ራቅ ብሎ፣ ብቻውን፣ እንደ ተሰናበተ መርከብ ይታያል፤
ጉሙ ቋጥኙን ይልሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ መጥቶ ይሸሻል።
እኛ ጮኽን፣ ስልክ አወጣን፤ ቶሎሳ "ቤቴ በየት በኩል ነበረ?"
ጋሽ ይርዳው ብቻ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ቃል አጥቶ ቀረ።
ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። እርጥቡ ሣር ላይ ቆመ፤
አንዱን እግር አስቀደመ፣ እንደሚጠራጠር፤ ከዚያ ሌላውን ደገመ።
"ይኼ…" አለ፤ አልጨረሰውም። ፊሽካውን ካንገቱ ፈታ፤
አየውና ኪሱ ከተተው፣ ሳይነፋው፣ በዝግታ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና የሩፋኤል ዝናብ መጣ፤
ጠበል ነው፤ ማን ይሸሸዋል! ጃንጥላውን ማን ያውጣ!
ልጆቹ ራቁታቸውን፣ ትርሲት ሻሿን ፈትታ፣ ቶሎሳ በካናቴራ፤
እትዬ ዘነቡ ቀና ብላ "አቤት" አለች፣ በስሟ እንደ ተጠራች በዚያ ተራራ።
ጳጉሜ እኮ ራሷ ደሴት ናት፤ በሁለት ዓመት መሀል የተጣለች፣
ደመወዝ የማይቆጠርባት፣ አምስት ቀን ብቻ ከውኃ በላይ ያለች።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከሩብ። ፊሽካ የሚነፋ ጠፋ፤
ጉሙ ሲገፈፍ ቆርቆሮው፣ ክሬኑ፣ የአበባ እርሻው ላስቲክ ብቅ አለ፣ እየሰፋ።
ቶሎሳ ክላክሱን ሦስቴ አስጮኸ፤ ቆጠረን፤ አንድ ሰው ጎደለ፤
እዚያ ቋጥኙ ላይ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ።
"ሕጉን ያወጣኸው አንተ" አለች ዘነቡ፣ ጫማውን አንጠልጥላ፤
"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ ሳይዞር። አጠገቡ ተቀመጠች፣ እርጥብ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ።
ቶሎሳ ሰዓቱን አየ፤ እኛን አየ፤ ሞተሩን አጠፋና ወረደ፤
ድንጋዩን አንሥቶ መልሶ ከጎማው ሥር ሰደደ።