ከምድብ ሀ መዝገብ

ሰዓት ያዥ ነኝ እኔ፤ መኪና የሌለኝ፣
ለሰው ሰከንድ ማደል ብቻ የተረፈኝ።

ከኮምቦልቻ ጫፍ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ሐረጎን ሊወጣ አስፋልቱ ሲነሳ ማልዶ፣
እሑድ ነው፤ አይሱዙው ገና አላጓራም፤
ትራፊኩ ገመድ ዘርግቷል፣ ከብትም አያሻግርም።
ጠረጴዛ አወጣን፤ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣
አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ጃንጥላ በነፋስ ተገልብጦ።

ምድብ ለ አሥራ አንድ፣ ምድብ ሐ ዘጠኝ፤
ቪትዙም ኮሮላውም ተሰልፎ ጠበቀኝ።
ምድብ ሀ ላይ ግን፣ በትንንሾቹ መስመር፣
አንድ ስም ብቻውን፦ አንሻ ይመር።

ፊያት ስድስት መቶ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ቧንቧ ውሃ፣ ካባቷ ጋራዥ፣ ሸራ ለብሶ ሃያ ክረምት የተቀመጠ፣
ሞተሩ ከኋላ፣ ኮፈኑ በሽቦ የታሰረ፣
የግራ መብራቱ ከሌላ መኪና ፊት የተበደረ።
አምና ሦስት ነበሩ። የሙሄ በኪሎ ለብረት ተሸጠ፤
የጥላዬ ደግሞ ፒስተን ሲፈለግለት ዓመቱ አመለጠ።

ሊቀመንበሩ ከማል መነጽሩን ጠረገ፤
«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም!»
ብሎ ዋንጫውን ከጠረጴዛ ሥር ሸሸገ።
አንዱ አለ፦ «ከምድብ ለ ጋር እንቀላቅላት።»
ቪትዝና ስድስት መቶ? ኮርማና ጥጃ ባንድ ቀንበር፣ ያውም ዳገት!
ሌላው አለ፦ «ከፍላለች፤ ይሰጣት። ምን ይጎዳናል? ቆርቆሮ ነው።»
ሌላው አለ፦ «ሦስት መቶ ብሯን መልሰን እናሰናብት፤ ደንቡ ይኸው ነው።»

ደንቡን እኔ ነኝ የምይዘው። ገልጬ አየሁት፤
«ተወዳዳሪ ሦስት ካልሞላ...» ይላል፤ ቀሪውን አይጥ በልቶት።

አንሻ ሰማችን። ጎማ እየነፋች ነበር፤
ቀና አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ ድምፅዋን ሳታሳምር፦

«ብቻዬን ስለሆንኩ አንደኛ አትበሉኝ፤
ብቻዬን ስለሆንኩ ደግሞ እንዳልመጣሁ አትቁጠሩኝ።
ሰው ቀረ ብላችሁ፣ የመጣሁት እኔ ምን አጠፋሁ?
ነዳጅ ቀድቼ፣ ቀጠሮ አክብሬ፣ ከደሴ እስከዚህ ቁልቁል ወረድሁ።
በደብተሩ ፈልጉ፤ ይህን ዳገት በዚህ ሞተር ማን ነው የጨረሰ?
ከዚያ ሰው ጋር ልሩጥ፤ ቢሞትም፣ ቢሰደድም፣ ቁጥሩ ካልፈረሰ።»

ገለበጥሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ አቧራ እስኪያስነጥሰኝ።
አንድ ስም አገኘሁ፤ ሻይ ያፈሰስኩበት። (አዎ፣ እኔው ነኝ።)
ከስሙ የተረፈው «ተ» ብቻ፤ ተሾመ ይሁን ተካ አይለይም፤
ቁጥሩ ግን ደህና ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት። ቁጥር ሻይ አይፈራም።

ባንዲራው ወረደ። ሄደች።
ከፊቷ ማንም፣ ከኋላዋም ማንም የለም።
ያ ድምፅ ግን ብቸኛ አይደለም፤
በመጀመሪያው እጥፋት ከሆነ ሰው ጋር ይሟገታል፣
በሁለተኛው ማርሽ ይቀንሳል፣ ያስላል፣ ደግሞ ይነሳል፤
በሦስተኛው ጉም ዋጠው። ስልኬን ወደ ሰማይ አነሳሁ፤
ኔትወርክ የለም። ሰዓቱን ሳይ የገዛ ትንፋሼን ረሳሁ።

ከጫፍ ደወሉ። አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት።
አምስት ሰከንድ። ያንዲት ፍየል መንገድ መሻገር ናት።

ከማል ዝም አለ፤ «ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አለኝ ቆይቶ።
ጻፍሁት፦ ምድብ ሀ። ተወዳዳሪ፦ አንድ። ደረጃ፦ ሁለተኛ።
ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም አልሳቀ፣ ከቶ።
ብቻዋን ሮጣ፣ የቀደማት አለ፤
ተረቱ በሐረጎ ግርጌ በአምስት ሰከንድ ጎደለ።

ቁልቁል ተመለሰች፣ ፍሬኗ እየሸተተ፤
ቁጥሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ሳቋ ከጥላሸቱ መሃል ተከፈተ።
ስለ ዋንጫው አልጠየቀች።
«አምስት? አምስትማ ካርቡሬተሩ ላይ አለች።»
ከዚያ ፔርሙዜን አየች፣ ደብተሬን አየች፦

«ሻይህን ወዲያ አርግልኝ፤ ስሜ እንዳይረጥብ።
ለከርሞ ብቻውን የሚመጣ ሰው
ማንን እንደሚያሳድድ ያንብብ።»