ቆሞ የጠጣው

ሱባሩው ጠጪ ሆኗል ብሎ አባቴ ጠረጠረ፤
ጎማውን፣ ጋራዡን፣ ማደያውን ሁሉ መረመረ፤
በመጨረሻ ደብተሩን ታቅፎ ወደ እኔ ዞረ።
«ከኮምፒውተር ጋር ትግባቡ የለ? እስቲ ጠይቂልኝ፤
ከእኔና ከመኪናው ማን እንደሚዋሽ አጣሪና ንገሪኝ።»

የአሥራ አንድ ዓመት ደብተር፤ ሽፋኑ ዘይት የጠጣ፣
ሲገለጥ የማደያ ሽታ ይዞ የሚመጣ።
ቀኑ፣ ሊትሩ፣ የሄደው መንገድ፤ ሦስት ዓምድ፣ ሰበዝ በሰበዝ፣
ቄሱ በልጅነቱ ያስያዙት፣ እጁ ያልለቀቀው ግዕዝ።
፵፩ ሊትር። ፬፻፶ ኪሎ ሜትር።
እያንዳንዱ አኃዝ ጣሪያና ወለል ያለው፣
በልኩ እንደ ተሠራ ቤት፣ ነፋስ የማያስገባው።

መጀመሪያ ለፕሮግራሙ ፊደል ማስቆጠር ነበረብኝ፤
እንደ ሰነፍ ተማሪ እየረሳ አስቸገረኝ።
፻ን መቶ በል፤ ፼ን እልፍ በል፤
፲፰፼፴፬፻፪ ሲመጣ አትደናገጥ፣
ከግራ ጀምር፣ አባዛ፣ ደምር፣ ቀጥል።

ቂርያት ጋት ተኝታለች፤ ባቡሩ ብቻ ወደ ቤርሳቤህ ያልፋል፤
እኔ ኮድ እጽፋለሁ፤ አባቴ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል፤
አንዳንዴ ነቅቶ «ተናገረ?» ይላል፤ መልሶ ያንኮራፋል።

ተናገረ እንጂ። በሐምሌ፣ ማቀዝቀዣው ሲበራ፣ ጥቂት ይጨምራል፤
በስግድ፣ አምስት ሽማግሌ ጭኖ የኢየሩሳሌምን ዳገት ሲወጣ ያማርራል።
ይህ ያባት ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙ ወደቀ።
ቀይ ጽሑፍ አወጣና
«በዜሮ ማካፈል አይቻልም» ብሎ ደረቀ።
ገጹን ፈልጌ አገኘሁ፤ ጥር ወር፣ ሰባት መስመር በተርታ፤
፱ ሊትር። ፱ ሊትር። ፱ ሊትር። የመንገዱ ቦታ
ንጹሕ ነጭ። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤
አባቴም ላልሄደው መንገድ ምልክት አልፈጠረም።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አልኩት። ዓይኑን ጠረገና
መነጽሩን ቢያጣው፣ ደብተሩን ከፊቱ አራቀና፣
«አልተሳሳትኩም። የባትሪው ክረምት ነው» አለ።
«ካጠፋሁት አይነሳም ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ደግሞ
ላኪሽ የማደርሰው የወይን ከርካሚ ሁሉ በየደጁ ቆሞ
ይጠብቀኛል። ስለዚህ ሳላጠፋው አደርኩ፤ ሰባት ሌሊት።»

ሞሪስ ከሦስተኛ ፎቅ ነጠላ ጫማውን ወረወረበት፤
እሱም ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወስዶ አቆመውና አደረበት፤
እናቴ «ጣውንት አመጣህብኝ?» ብላ
በመስኮቱ ብርድ ልብስ ጣለችለት።

እጄ ዝም ብሎ ወደ ሒሳቡ ሄደ፤
ሰባት ጊዜ ዘጠኝ፤ ስልሳ ሦስት ሊትር ነደደ።
በሸቀል ሲመታ አንድ አዲስ ባትሪ፣ ከነምሳው።
«ታዲያ ባትሪውን አትገዛም ነበር?» አልኩት። አሳቀው።
«ባትሪ ሻጭ፣ ልጄ፣ አራት መቶውን ባንዴ ቁጠር ይላል፤
ቤንዚን ግን ጀሪካን ይዘሽ ብትሄጂ በስልሳም ይቀዳል።
ድሃ ውዱን የሚገዛው
ርካሹን መግዣ ሲያጥረው ነው።»

እኔ በምሠራበት ቢሮ እንዲህ ያለ መስመር ይሰረዛል፤
«የቆሸሸ ዳታ» ይባላል፤ አማካዩን ያበላሻል።
እኔም ብዙ ሰርዣለሁ፤ ማን ከየትኛው ዛፍ ሥር
ሞተሩን እየጠበቀ እንዳደረበት ሳልጠይቅ።

አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ቆሞ የጠጣው» አልኩት፤
ስልሳ ሦስቱን ሊትር ለብቻው እዚያ አስቀመጥኩት።
ፕሮግራሙም እስከ መጨረሻው ገጽ ሳይሰናከል ወረደ፤
መኪናው ያው ነው፤ በሊትር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄደ።
የጨመረው የቤንዚኑ ዋጋ ነው እንጂ የመኪናው ጥም አይደለም።

«እና ማንም አልሰረቀኝም?»
«ማንም።»
ጥፋተኛ መጥፋቱ ብዙም አላስደሰተውም።

ደብተሩን ተቀበለኝ፤ በማስመሪያ አራተኛውን ዓምድ አሰመረ፤
ብዕሩን በምራቁ አርሶ፣ የዛሬውን ቀን ጽፎ ጀመረ፤
«ሞሪስን ክሊኒክ በር ላይ ስጠብቅ፤
ሩብ ሊትር።»