ወደ ውስጥ ሲሳብ

ሙሐረቅ ውስጥ ነሐሴ ሲገባ ግንቡ ያልበዋል፤
የበሩ እጀታ ያልበዋል፤
መስታወቱ ላይ በጣቴ የጻፍኩት የመድኃኒት ሰዓት
እስኪመሽ ይፈሳል።
አቡ ራሺድ ብቻ ደረቅ ነው።

አፍንጫው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣
አልጋው ሥር የሚያንኮራፋ ማሽን፣
ወንበሩ ላይ እኔ፤
ይርገዱ፣ እዚህ ቤት «ጊዱ» የምባል፣
ክኒን ቆጣሪ፣ ቱቦ አጣቢ፣
ከረመዳን ወዲህ ደግሞ ካሴት ገልባጭ።

ካሴቶቹ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤
ሃያ ሦስት፤ ሁሉም ሃርሞኒካ፣ ሁሉም ብሉዝ።
ዘይት ኩባንያ ሲሠራ፣ ጢሙ ገና ጥቁር ሳለ፣
ከቴክሳስ የመጣ አንድ በያጅ ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ
ትቶለት ሄደ።
«ሻንጣው አልዘጋ ብሎት ነው» ይላል፣
«እኔ ዘንድ ይኸው አምሳ ዓመት ተከፍቶ ቀረ።»

የሚሰማውን በጣቱ ነው የሚያዘኝ፤
ትንፋሹን በወሬ አያባክንም።
ሰባት ጣት፦ ሰባተኛው ካሴት።
መዳፉን ከገለበጠ፦ ሁለተኛው ገጽ።

ሰባተኛው፣ ሁለተኛው ገጽ፣ ባቡር ነው።
ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ፣ ሰውዬው ብቻውን፤
ጣቢያውን ሲለቅ እየከበደው፣
ሜዳ ሲያገኝ እየቀለለው፣
ድልድይ ላይ ሲደርስ ከሥሩ ባዶነቱ እየተሰማ።
እኔ የማውቀው ባቡር ድሬዳዋ የቆመውን ነው፣
ጥላው ሥር ፍየሎች የሚያመነዥኩበትን።
ይኸኛው ሄደ፤
በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሃል አልፎ ሄደ።

አሥራ ዘጠነኛውን ጎረምሳ ይወደዋል።
ማይክራፎኑን ከነአፉ በመዳፉ አፍኖ ነው የሚነፋው፤
ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ግድግዳ ይገፋል።
ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን ግን ያውቃል።
አቡ ራሺድ እጁን ያወዛውዛል፦ እለፊው።

አራተኛው በወጉ አልተቀዳም።
ብርጭቆ ይጋጫል፤ ወንበር ይጎተታል፤
አንዲት ሴት ትስላለች፤
ሰውዬው ሳሏ እስኪያልፍ ይጠብቅና
እሷ በተወችው ቦታ ይገባል።
እኔ እሱን ነው የወደድኩት።
«የሚበልጡት አሉ» ይላል ቅንድቡ።
ይኑሩ።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ።
ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንጠራውዞ ዝም አለ።
የመጠባበቂያውን ሲሊንደር በዳበሳ ከፈትኩ፣
ቱቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ ጉንጩን ዳሰስኩ፤ አለ።
ቴፑ ግን በባትሪ ድንጋይ ነበር፤
አሥራ ሁለተኛው ካሴት፤ መዞሩን አልተወም።

ያኔ ሰማሁት፣ ማሽኑ ሸፍኖብኝ የከረመውን፦
ሰውዬው ያን አንጀት የሚበላ ድምፅ አይነፋውም።
ይስበዋል።
ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ በምላሱ ያጎብጠዋል፣
ሊሰበር ሲል ይዞት ይቆያል።
ዋሽንት ቢሆን አየር ሲያልቅ ዜማው ያልቃል፤
ይኼ አየር ሲያልቅበት ይጀምራል።

«አባቴ» አለ አቡ ራሺድ በጨለማው፣
የማያባክነውን ትንፋሽ አባክኖ፣
«ሉል ጠላቂ ነበር።
አፍንጫው ላይ የቀንድ መቆንጠጫ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ።
ጀልባዋ ላይ ሕፃን ነበርኩ።
ከባሕር ብቅ ሲል... የመጀመሪያዋ ትንፋሽ...»
ጣቱን ወደ ቴፑ አነሣ።
«እሷ ናት።»

ምንም አልመለስኩም።
ሉል ይኑርበት አይኑርበት ሳይታወቅ፣
ሰው ከነቅርጫቱ ሲወጣ ታየኝ፣
አፉ ተከፍቶ።

መብራቱ መጣ። ማሽኑ ማንኮራፋቱን ያዘ።
የረጠበ አንሶላውን ቀየርኩ፤ የእኔ ላብ ነበር።
ቆርቆሮውን ስከፍት እጁ ከብርድ ልብሱ ወጣች፤
ጣቶቹን ቆጠርኩ፦
አራት።

አራተኛውን አስገባሁ።
ብርጭቆው ተጋጨ፤ ወንበሩ ተጎተተ፤
ሴትዮዋ እስክትስል
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።