የነዋፍ ፈተና

ኩዌት፣ ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከሌሊቱ ስድስት።
ነዋፍ ሕግ ያጠናል፣ ካውያዬ እንፋሎት ይተፋል።
«መዲና፣ ያዥልኝ» አለ፣ ደስቱሩን ሰጥቶ፣
«ስሳሳት ንገሪኝ።» ዓይኑን ጨፈነ፣ ግድግዳ ተጠግቶ።

ሐርቡ መድረሳ፣ በሎህ የቆጠርኩት ፊደል
ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ የከፊሌን ልጅ ሊያገለግል።

«የግል ነጻነት…» ብሎ ቆመ። ቃሉ ጠፋው።
ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስኬድኩና
«የተረጋገጠ ነው» አልኩት።
«አዎ! የተረጋገጠ ነው!» ጭኑን መታ በደስታ።

ከጀርባው የአባቱ መሳቢያ፣
ቁልፉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር የታሰረ፤
ውስጡ ፓስፖርቴ፣
አራት ዓመት ከስምንት ወር ያደረ።
ሰው ሲታሰር ነበር የማውቀው፤
ወረቀት ሲታሰር እዚህ አየሁ።

ሕጉም እንደዚህ ድሽዳሻ ነው፣
ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ ተሰቅሎ የሚያድር።
«"ሰው" የሚለው እዚህ ጋ፣ ነዋፍ፣
እኔንም ይጨምራል?»
ገጹን ገለጠ።
«እሱ አይጠየቅም።»

ኀሙስ ውጤት መጣ። ማዳም እልል አለች፣
ለጎረቤት ሁሉ ጣፋጭ አስላከችኝ፣ እስከ በር ድረስ።

ነዋፍ አለፈ።
በመሳቢያው በኩል፣ በእኔም በኩል፣
ድሽዳሻው እንደ ነጣ
አለፈ።