ኮፍያዬን ደጅ አሳድራለሁ

ከመጠለያው ሲሰጡን፣ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር፣
«ኮፍያ የደፋ ወንድ ትፈራለች» የሚል ነበር።
ማን እንደ መታት፣ በምን፣ በየትኛው መንደር፣
ወረቀት አያውቅም፤ እሷም አትናገር።

ሜፕል ብለዋት ነበር፤ እኔ ግን ድምቢጥ አልኳት፣
ጥጃ የምታህለውን፣ ሶፋው የማይበቃት፤
ከስሟ ጋር ፍርሃቷም ያንስላት እንደሆን ብዬ አሳነስኳት።

ያመጣቻት ልጄ ማኅደር ናት፤ ዓመት ሙሉ ለምና፣
አቅፋ አስተኝታት፣ እጇን አለማምዳት ገና፣
በመስከረም ሃሊፋክስ ለትምህርት ሄደችና፣
ቀረን። እኔና ድምቢጥ፣ የአንድ ኮሪደር ሁለት ዳር ይዘን፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት በዓይን ጥግ እየተያየን።

ሥራዬ አውቶቡስ ጋራዥ ነው፤ ፈረቃዬ ሌሊት።
ኤድመንተን፣ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
ፀጉሬ ካለቀ ቆይቷል፤ ኮፍያ ለእንዲህ ያለው ቤት
ጌጥ አይደለም፣ ጣሪያ ነው።
የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠዋት በር ስከፍት
ምንጣፉ ላይ ሽንቷ አመለጣት፣
በሆዷ ተስባ ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ገባች።
አልጮኸችም።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤
ይቺ የበላችበትንም አላመነች።

ስለዚህ አወልቃለሁ። ደጅ ላይ፣ ቁልፌን ሳላወጣ፣
ከመዝጊያው አጠገብ የመታሁት ምስማር ላይ እሰቅላለሁ፤
ጆሮዬ እስኪደነዝዝ ቆሜ
በፖስታው ቀዳዳ ስሟን እጠራለሁ።
ከዚያ እገባለሁ፣ ራሴን ገልጬ፣
ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው።
ጎረቤቴ ኦሌና ከመስኮቷ ስታየኝ ከርማ፣
«ሃይማኖትህ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።
«ሊሆን ነው መሰለኝ» አልኳት።

በየካቲት ልሳኑ መጣ።
ሐኪም ቤት ከርሞ፣ ደሙን በመድኃኒት አጥበውት፣
ከስቶ፣ ግራጫ የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ።
ድምቢጥ ከጠረጴዛው ሥር አጉረመረመች፣
ጥርሷን እስከ ድዷ አሳየችው።
«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ ይቅር በላት» አልኩት።
ኮፍያህን አውልቅ ማለት ግን አቃተኝ፤
ሚስቱ እንኳ በጨለማ፣ በመዳፏ ብቻ የምታውቀውን ራስ።

ዝም አለ። ሾርባው ቀዘቀዘ።
ቀስ ብሎ እጁን አነሣ፣ አወለቀው።
እንቁላል የመሰለ ራስ፤ ከጆሮው በላይ ሰማያዊ የደም ሥር፤
እዚህም እዚያም እንደ ጫጩት ላባ የሚበቅል ነገር።
«እንኪ፣ አንቺም እይው» አላት፣
ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ።

ድምቢጥ አልመጣችም።
ተረት ቢሆን እጁን ትልስ ነበር።
ማጉረምረሟን ብቻ አቆመች፤
አፍንጫዋን እስከ ምንጣፉ ጠርዝ አወጣች፣
ያንን የመድኃኒት ሽታ ረጅም ሳበች፣
አስነጠሳት።
ልሳኑ ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም ነበር።
በረደውና መልሶ ሲደፋው መልሳ አጉረመረመች፤
ሲያወልቅ ዝም፣ ሲደፋ እርርር፣
እስኪመሽ ድረስ፣ እንደ ሁለት ግትር ሕፃናት።

ሲሄድ ረስቶት ሄደ፤ ወይ ተወው፤
የሚስቱ መኪና ሞቆ ነበር የሚጠብቀው።

አሁን ምስማሩ ላይ ሁለት ኮፍያ አለ።
ማታ ለሥራ ስወጣ በረዶ ሞልቷቸው አገኛለሁ፤
የኔን አራግፌ እደፋለሁ፣
የሱን አራግፌ እመልሳለሁ።
ጠዋት ደግሞ፣ ጆሮዬ እየነደደ፣
ከበሩ ወዲያ ጥፍሯ ወለሉን ሲቧጥጥ ይሰማኛል፤
እየመጣች ይሁን እየሸሸች
እስክከፍት ድረስ አላውቅም።