በእርሳስ

ቁልፍ ያዡ ስለጠፋ ይመር በሩን በድንጋይ ሰበረ፤
የመርሳ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ «ለ»፣
የማክሰኞው ክፍልፋይ ከሰሌዳው ሳይጠፋ
መቶ ሰው አደረ።

በማግስቱ ቅጽ መጣ፤ እስክሪብቶ አልመጣም።
ከዴስክ ሥር ባገኘሁት የልጅ እርሳስ ጻፍኩ።
«የቤተሰብ ብዛት?»
«ሰባት» አለች ሐዋ።
ቆጠርኩ፣ አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ።
«ሁለቱ እየመጡ ነው»፣
ዓይኗ ከወልድያ አስፋልት ሳይነቀል።

መመሪያው የሚለው «በአካል የተገኘ» ነው።
እርሳሱን ቀረጽኩት፣ ሳይደንዝ።
ሰባት።

የኮምቦልቻው ስንዴ ሲደርስ በጣሳ ሰፈርንላት፤
የአምስቱን በነጠላዋ ቋጠረች፤
የሁለቱን ለብቻ፣
የሚገባ ሰው መጀመሪያ በሚያየው፣
ከደፉ ላይ አኖረች።

አጣሪው በአራተኛው ቀን
«ላጲስ አለህ?» አለኝ።
«የለኝም።»
ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት።